በዝግታ ሲሄድ ራሱን የሚወረውረው ቦራ

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ ሳያነሣ የማይሄደው አንድ ነገር አለ። "ፈረሱስ? ጌታውን አለቀሰ የተባለው እውነት ነው?" ይለኛል። ወሬው ከእንጦጦ ዳገት ወርዶ ሾላ ገበያ ደርሷል። ሽንኩርት ልመርጥ ጎንበስ ባልኩበት አንዲት የማላውቃት ሴት ለጓደኛዋ ስታወራው ሰምቻለሁ። በእሷ አፍ ፈረሱ መቃብሩ ላይ ተንበርክኮ እንባውን ያፈስ ነበር። መቃብሩ ያለበት ቤተ ክርስቲያን በር ለሰውም ይጠባል። ሽንኩርቴን ገዝቼ ሄድኩ።

አሁን ሥራዬን አስረክቤ ቤት ተቀምጫለሁና የሆነውን ልጽፈው ነው። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። አንዳንድ ቀን ጥቂት መስመር ከጻፍኩ በኋላ ልቤ እንቢ ይለኛል፣ ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። የምጽፈውን ነገር ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከፈረስ ጋር ነው።

ሥራ የጀመርኩት ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ገና ሰፊ ሜዳ በነበረበት ዘመን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። የሰፈራችን ሰው የሆኑ አንድ ነጋዴ ፈረስ የሚያከራዩበት ጋጣ ነበራቸውና ሂሳብ እንድይዝ ቀጠሩኝ። ደመወዙ ለታክሲና ለምሳ የምትበቃ ነበረች። ሂሳቡ ግን ረፋድ ላይ ያልቃል፣ የቀረውን ቀን ፈረሶቹን ሳይ እውላለሁ።

የፈረሶቹ ኃላፊ ጌታነህ ይባል ነበር። ከሰላሌ የመጣ፣ ረጅም፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ "ጋሼ" አልኩት። ኋላ ተጋብተንም ጋሼ ማለቴ አልቀረም። ጎረቤቶቻችን "ባልሽን ነው ወይስ አጎትሽን ነው የምትጠሪው?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እሱ ደግሞ "ተዉአት። በስሜ የምትጠራኝ ስትቆጣ ብቻ ነው፣ ጋሼ ስባል ሰላም እንደሆነ አውቃለሁ" ይላቸዋል።

ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ግን ቁጭ በይና ላስተምርሽ ብሎኝ አያውቅም። ሲሠራ አየሁ፣ ያየሁትን ሞከርኩ፣ ስሳሳት እጄን ይዞ ወደ ትክክለኛው ቦታ ወሰደው። በዚህ መንገድ የገባ ነገር ከእጅ አይወጣም።

ጠዋት ጠዋት የልጓሙን ብረት ጋቢው ውስጥ፣ ብብቱ ሥር ከትቶ ይዞራል። ብርድ ላይ ያደረ ብረት ፈረስ አፍ ውስጥ እንዲገባ አይፈቅድም። ገና አዲስ ሳለሁ ለምን በሙቅ ውሃ እንደማይነክረው ጠየቅኩት። "ብብቴን ካልቀዘቀዘኝ አፉንም አይቀዘቅዘውም። የውሃው ሙቀት ይብዛ ይነስ በምን አውቃለሁ?" አለኝ። ኮርቻ ከጫነ በኋላም ወዲያው ሰው አያስወጣበትም። መዳፉን ከኮርቻው ሥር ያስገባና ፈረሱን ጥቂት ያራምደዋል። እጁን የሚጨፈልቀው ነገር ካለ ኮርቻው ይወርዳል፤ ደንበኛ ተሰልፎም ቢሆን ይወርዳል።

ከሁሉ በላይ የተማርኩት ግን አጠያየቁን ነው። አንድ ፈረስ ጠባዩ ተበላሸ ሲባል ሌላው ሰው "መቼ ነው የሚያደርገው?" ይላል። ጋሼ ሁልጊዜ "የማያደርገው መቼ ነው?" ነበር የሚለው። ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ የሚሰጥ ሰው የለም። ሰው ያስቸገረውን እንጂ ያላስቸገረውን ልብ አይልም። ስለዚህ ራሱ ከፈረሱ ግራ ጎን ሆኖ እግር ለእግር ይሄዳል። አያወራም፣ ስልክ ቢጠራም አያነሣም። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲዞር አይተው ሥራ ፈት ነው ያሉት ነበሩ።

ይህን ልማድ ያመጣችው አንዲት ባዝራ ናት። ዳሚት እንላት ነበር፣ ዳማ፣ አንገተ ረጅም። እኔ በተቀጠርኩበት ዓመት ራሷን ወደ ላይ መወርወር ጀመረች። ያኔ ጋሼም እንደ ማንኛውም ፈረሰኛ ነበር። አያትና "ጠግባ ነው" አለ። ለጠገበ ፈረስ የሚደረገው የታወቀ ነው፣ ገብሷ ተቀነሰ፣ ሥራ ተጨመረባት። ደከመች፣ ስትደክም መወርወሩን ተወች። ሁሉም ሰው "ይኸው፣ ጥጋብ ነበር" አለ። ከስታ ስታሳዝን እንደገና ገብስ ሲሰጣት ደግሞ እንደገና ጀመረች። አሠሪያችን ሰለቻቸውና ለጋሪ ሸጧት።

ዳሚት ከሄደች በኋላ ጋሼ ጋጣዋን ሊጠርግ ገባ። ከግርግሙ ጥግ፣ ከጭዱ ሥር፣ እንደ እንቁላል የተድቦለቦለ ድርቆሽ አገኘ። አንድ አልነበረም፣ ጥጉ ሞልቷል። ታኝከውና መዋጥ ሲያቅታት ትተፋው ነበር። ፈረስ እንዲህ የሚያደርገው ጥርሱ ሲያመው ብቻ ነው። ድቡልቡሉን ድርቆሽ በመዳፉ ይዞ ወደ እኔ መጣና "አፏን አልከፈትኩም" አለኝ።

ሲፈልጋት ከርሞ መሪ ሰፈር አገኛት፣ ለኮንዶሚኒየም ግንባታ አሸዋ ስታመላልስ። ባለጋሪውን ሽጥልኝ ብሎ ለመነው። ሰውዬው "እንዲህ የምትሠራ ፈረስ ማን ይሸጣል?" አለው። ጋሼ ታዲያ ሌላ ጠየቀ፣ ጥርሷን እንዲሞርድላት። መንገድ ዳር፣ ጋሪው እንደተጫነባት፣ ምላሷን ወደ ጎን ይዞ የላይኛውን መንጋጋ ጥርሷን በሞረድ አስተካከለላት። ጥርሱ እንደ ምላጭ ሾሎ ጉንጯን ከውስጥ ሲቆርጣት ከርሟል። ከዚያ ጋሪዋን እየጎተተች ሄደች። ተመልሶ ሲመጣ እጁን ሲታጠብ አየሁት፣ ታጥቦ ታጥቦ አልጨርስ አለ።

ከዚያ ወዲያ "ጠገበ" የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሌላ ሰው ሲለውም "መጀመሪያ አፉን ክፈትና አሳየኝ" ነው መልሱ።

ሲ.ኤም.ሲ ቤት በቤት ሲሆን ለፈረስ የሚሆን መሬት ጠፋ። አሠሪያችን ጋጣውን ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ወዳለው የእንጦጦ ዳገት አዛወሩት። ብርዱ ከባድ ነው፣ አየሩ ግን ለፈረስ ሳምባ ይስማማል፣ ባሕር ዛፉም ፀሐዩን ይከልላል። ቅዳሜና እሑድ ከተማው ሁሉ አየር ልቀበል ብሎ ይወጣል፤ አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ግልቢያ አይደለም፤ የልጓሙን መያዣ ጠፍር፣ ዛቡን፣ ለቅቆ፣ ፎቶ እየተነሣ፣ በዝግታ መሄድ ነው። አሠሪያችን ሲሞቱ ልጃቸው ሰይፉ ተረከበ። እኔም ሂሳቡን ለሌላ ሰጥቼ ሙሉ በሙሉ ከፈረሶቹ ጋር ሆንኩ፤ የጋሼ ወገብ ሲደክም ኃላፊነቱ ወደ እኔ መጣ። ልጅ አልሰጠንም። ሥራችንን ግን እንወደው ነበር፤ ሥራችንንም እንችለው ነበር። እኔ ኃላፊ በነበርኩበት ዘመን የኮርቻ ቁስል ያለበት ፈረስ ከጋጣችን ወጥቶ ሰው አልጫነም። ይህን ማንም ይመሰክርልኛል።

ቦራን ጋሼ ራሱ ነው ሰንዳፋ ገበያ ወርዶ የመረጠው። ድንክ ፈረስ ነው፣ ከግንባሩ እስከ አፍንጫው በነጭ የተሰመረ። ሕፃናትና የሚፈሩ ሰዎች የሚቀመጡት እሱ ላይ ነው። ጋሼ ቢቀመጥበት እግሩ መሬት ስለሚነካ አይጋልበውም። ሁልጊዜ ወደ ማታ ገደማ፣ ደንበኛ ሲበተን፣ ጎን ለጎን ሆነው በባሕር ዛፉ መሐል ዞር ዞር ይላሉ። "ሽማግሌዎቹ ወጡ" ይላሉ ሠራተኞቹ።

ጋሼ ክረምቱ እንደወጣ ታመመና ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ስለ ሕመሙ አልጽፍም።

ለለቅሶው ዘመዶቹ ከሰላሌ መጡ። በእነሱ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ በለቀስተኛው መሐል ይመራል። የአባቱን ፈረስ ልጓም ይዘው መጥተው ነበር፤ ናስ ያለበት፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ሱፍ የሚወርድበት፣ ብረቱ ሰፊ። ቦራን አለበሱትና ከድንኳኑ ፊት አመላለሱት። ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። ዐርባው ካለፈም በኋላ ልጓሙ ከቦራ ጋር ቀረ። ሸምሱ የቦራን የራሱን ልጓም ዕቃ ቤቱ ውስጥ ወደ ኋላ አድርጎ ሰቀለውና በየቀኑ ያን ያጠልቅለት ጀመር። ሸምሱ ከስልጤ የመጣ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ጋሼ እንደ ወንድሙ ያሠለጠነው ፈረስ ጠባቂ ነው። ለክብር ብሎ ነው ያደረገው። ደንበኞችም ናሱና ቀይ ሱፉ ለፎቶ ያምራል እያሉ ቦራን ይሻሙበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ቀን ሸምሱ መጥቶ ቦራ ራሱን መወርወር ጀምሯል ያለኝ።

የማያደርገው መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት። ጋሼ አስለምዶታልና መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር።

"ዳገት ላይ ሶምሶማ ሲመታ አያደርግም። ሰው ዘና ብሎ ዛቡን ሲለቅለት ነው የሚብስበት፣ እትዬ። በዝግታ ሲሄድ።"

ሁሉም የየራሱን ግምት አመጣ። ዝንብ ነው ያሉ ነበሩ፤ በዚያ ብርድ ዝንብ የለም። አፍንጫው ነጭ ስለሆነ ፀሐይ እየመታው ነው ያሉም ነበሩ፤ በጨርቅ ሸፈንኩለት፣ ለውጥ የለም። ሰይፉ ደግሞ የድሮውን ቃል አመጣው፤ ሥራ ሲበዛበት ይተዋል፣ ሲያርፍ ይጀምራል፣ ይህ ጥጋብ ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል አለኝ። ዳሚትን አስታወስኩት። እሱ ያኔ ሕፃን ነበር፣ አያውቃትም።

ከሁሉም የበረታው ግን የሐዘኑ ግምት ነው። ቦራ ከጋሼ ጋር የሚሄደው በዝግታ ነበር፤ አሁንም በዝግታ ሲሄድ ጋሼ ትዝ ይለዋል፤ ሲሮጥ ይረሳዋል። እንዲህ ነበር የሚሉት። እንደ ግምት ብናየው እንከን አይወጣለትም፤ መቼ እንደሚያደርግም መቼ እንደማያደርግም ይመልሳል። እኔም ወደድኩት። ቤቴ የሚመጡ ሰዎች እየቀነሱ ነበር፣ ሰው የራሱ ኑሮ አለበትና። አንድ ፍጥረት እንደ እኔ ሐዘኑን ያላቋረጠ መኖሩ ደስ አሰኘኝ። ራሱን ሲወረውር ሳይ ጠጋ ብዬ አንገቱን አሻሸዋለሁ፣ "አይዞህ" እለዋለሁ።

እንዲህ እያልን ሳለ አንዲት ልጅ ተመታች። ከሲ.ኤም.ሲ እናቷ የምታመጣት፣ በየሳምንቱ ቦራ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ከእናቷ ጋር እያወራች፣ ዛቡን ለቅቃ ስትሄድ፣ ጎንበስ ባለችበት ቦራ ራሱን ወረወረና ከንፈሯን ሰነጠቀው። ደሟን በመሐረብ ይዛ እንኳ ለፈረሱ ትከራከር ነበር።

"ማሚ፣ እሱን እንዳትቆጪው። ዲፕረስድ ሆኖ እኮ ነው፣ ሰውዬው ሞቶበት።"

እናትየው ሰው አልሰደበችም። ፈረሱ ካልተሻለው ግን ልጇን እንደማታመጣ በጨዋ ቃል ነግራን ሄደች። ሰይፉ መኪናቸው ድረስ ሸኝቷቸው ተመለሰና ከፊቴ ቆመ። ፊቱ ላይ ያለውን ከመናገሩ በፊት አነበብኩት።

"እትዬ ሙሉ፣ የጋሼ ፈረስ መሆኑ ይገባኛል" አለኝ። "ነገ የሰው ልጅ ዓይን ቢያጠፋስ? ቅዳሜ ከለገጣፎ አንድ ሰው ይመጣል፣ ይግዛው።"

"ለምን ሥራ?"

"ለጋሪ። ጡብ ነው የሚያመላልሰው።"

"እስከ ቅዳሜ ማንም እንዳይቀመጥበት። እኔ አየዋለሁ።"

"ሐዘን መድኃኒት የለውም እኮ።"

"ሐዘን ከሆነ እነግርሃለሁ። ሐዘንን እኔ አውቀዋለሁ" አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ጀመርኩ። ምላሱን ወደ ጎን ይዤ እስከ መጨረሻው መንጋጋ ድረስ ጣቴን ላክሁ፤ ጥርሶቹ ለስላሳ ናቸው፣ የሚቆርጥ የለም። ግርግሙን ፈተሽኩ፤ የተተፋ ድርቆሽ የለም። ጆሮውን፣ ማጅራቱን፣ ጀርባውን አየሁ። መዳፌን ከኮርቻው ሥር አስገብቼ አራመድኩት። ደህና ነው።

ከዚያ ሸምሱን ቦራ ላይ አስቀምጬ በግራ ጎኑ ሄድኩ። ዛቡን ያዝ ስለው ቦራ ሰላም ነው። ልቀቅ ስለው ጥቂት ይሄድና ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል። ያዝ፣ ሰላም። ልቀቅ፣ ይወረውራል። ይህን እየደጋገምን ጋሼና ቦራ ይዞሩበት የነበረውን መንገድ አጋመስነው። ሸምሱ ከላይ ሆኖ ዓይኑን ይጠርጋል። እሱ ሐዘኑን ነው የሚያየው። እኔም ለትንሽ ጊዜ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ፤ ቆምኩ።

ቆሜ ሳስብ ግን አንድ ያልተሞከረ ነገር ነበር። የማያደርገው መቼ ነው? በሩጫ አያደርግም፣ ዛብ ሲያዝ አያደርግም። ያለ ልጓምስ?

ሸምሱን አስወርጄ ልጓሙን አወለቅኩት። አንገቱ ላይ ተራ ማሰሪያ ገመድ ብቻ አድርጌ በዚያው መንገድ፣ ጋሼ ይሄድበት በነበረው ዝግታ ወሰድኩት። መንገዱ ዳር እስካለው የኮሶ ዛፍ ሄድን። ከኮሶው ዛፍ ተመለስን። ቦራ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን ወዲያና ወዲህ እያለ፣ አንድም ጊዜ ሳይወረውር ሄደ። ደግሜ ወሰድኩት፣ ያው ነው።

"ሸምሱ" አልኩት፣ "ሐዘን ከልጓም ጋር አብሮ አይወልቅም።"

ልጓሙን መልሼ አጠለቅኩና ዛቡን ለቅቄ ከንፈሩን ገለጥኩ። ሁሉም ነገር እዚያ ነበር። የልጓም ብረት መቀመጥ ያለበት ከፊት ጥርስና ከመንጋጋ መሐል ባለው ባዶ ድድ ላይ ነው፤ ከፍ ብሎ፣ የአፉን ጥግ ትንሽ እስኪያጨማድድ። ይህ ልጓም ለጋሼ አባት ትልቅ ፈረስ የተሰፋ ነው። የጉንጩ ጠፍር ለድንኩ ቦራ ይረዝማል፤ ስለዚህ ብረቱ ወርዶ ክራንቻው ላይ ነው የተንጠለጠለው። አንድ እርምጃ ባስኬድኩት ቁጥር ብረቱ ጥርሱን ይመታል። አውራ ጣቴን ከመሐል አስገብቼ ምቱን በራሴ ላይ ቀመስኩት፣ ያማል። ከክራንቻው ሥር ድዱ ምስር የምታክል ቦታ ላይ ጠቁሯል።

ዛቡ ሲያዝ ብረቱ ወደ ቦታው ይነሣል፤ ለዚህ ነው ዳገት ላይ፣ ሶምሶማ ላይ፣ ሥራ ላይ ሰላም የሆነው። ሰው ሲራራለትና ዛቡን ሲለቅለት ደግሞ ብረቱ ይወድቅበታል። የሚያሳምመው የደግ ሰው እጅ ነበር።

ሸምሱ ጎንበስ ብሎ አየው። ጭንቅላቱን ያዘ።

"እኔ ነኝ በየቀኑ ያጠለቅኩለት፣ እትዬ።"

"ለክብሩ ነው ያጠለቅከው። አምሮበታል ያላለ ማን አለ? እኔም ብያለሁ።"

የአማቴን ልጓም በሳሙና አጥቤ፣ በቅባት አሽቼ ቤቴ ወሰድኩት። አሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እዚያ ያምራል።

ይህ ነገር ግን ለሰይፉ አልበቃውም፤ እሱንም አልፈርድበትም። የቦራን የራሱን ልጓም ወዲያው ብናጠልቅለት ድዱ ስላልዳነ ብረት የተባለ ሁሉ ያመዋል፣ መወርወሩንም ይቀጥላል። እስኪድን ጊዜ ይፈልጋል። የለገጣፎው ሰው ደግሞ ቅዳሜ ይመጣል።

"እሺ፣ እርስዎ ያሉት ይሁን" አለ ሰይፉ። "እኔ ግን ነገ ሰው ላስቀምጥበት በምን ልመን?"

"እኔ እቀመጥበታለሁ። ያለ ብረት፣ በገመድ። ገመዱን ለቅቄ ዞሬ እመጣለሁ፣ አንድ ጊዜ ራሱን ቢወረውር ለሰውዬው ስጠው።"

"እትዬ፣ ጉልበትዎስ?"

"የምቀመጠው በጉልበቴ አይደለም።"

ሳይወድ ሳቀ። እንደ አባቱ ነው፣ ከሳቀ ነገሩ አልቋል።

ቅዳሜ ገዢው መጣ። ወፈር ያለ፣ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ካፖርት የደረበ ሰው ነው። ሠራተኞቹ ሁሉ ሥራ ያላቸው መስለው ከየጋጣው ወጡ። ሸምሱ ድንጋይ አምጥቶልኝ ከድንጋዩ ላይ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ፈረስ ላይ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። የገመዱን ጫፍ ጋማው ላይ ጣል አድርጌ እጄን ጭኔ ላይ አኖርኩ። ሰይፉ ያዝ ያድርጉት እያለ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፣ እንዳላየ ሆንኩ።

ቦራ በዝግታ ሄደ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከኮቴው ሥር ይንኮሻኮሻል፣ ጀርባው እንደ አልጋ ይወዘውዘኛል። ፍርሃት አልነበረብኝም። ያየሁትን አይቻለሁ፣ በጣቴ ነክቻለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ልቤ መታ። ከኮሶው ዛፍ ወዲያ ከተማው ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ አለ። ጋሼ ሁልጊዜ ማታ ማታ እዚያ ይቆም ነበር። ቦራ እዚያ ሲደርስ እኔ ሳላዝዘው ቆመ። ጆሮውን አቀና። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው አልኩ በልቤ፤ ከወረወረም እዚህ ነው፣ ከዚህ በኋላ የምለው የለኝም።

ቦራ እግሩን ከፈት አድርጎ ሸና።

ረጅም ጊዜ ሸና። ጋሼ ከተማውን ለማየት የሚቆም ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ፈረሱን ነበር የሚጠብቀው። እሱ ከሞተ ወዲህ ስስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ፈረሱ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ብቻዬን፣ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ቦራ ጨረሰና መንገዱን ቀጠለ።

ስንመለስ ገዢው ከአጥሩ ላይ ተደግፎ ይጠብቅ ነበር።

"እኔ የመጣሁት ራሱን የሚወረውር ፈረስ በርካሽ ልገዛ ነው" አለው ሰይፉን። "ይኼማ እናቴን የማስቀምጥበት ነው። ዋጋውን ጨምረህ ልታስለቅሰኝ ነው?"

ሰይፉ እንደማይሸጥ ነገረው። ሰውዬው አልተቀየመም፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ድዱ ከዳነ በኋላ ቦራ የራሱን ልጓም፣ ብረቱ ከፍ ብሎ፣ አጠለቀ። ያቺ ልጅም ተመልሳ መጥታ ዛቡን ለቅቃ ስትሄድ አይቻታለሁ። የምመሰክረው ነገር እዚህ አለቀ፤ እኔም ብዙ ሳልቆይ ጋጣውን ለሸምሱ አስረክቤ ወጣሁ። ሥራውን ይችለዋል፤ ከእኔ ይልቅ ትዕግሥት አለው።

ያን ቅዳሜ ገዢው ከሄደ በኋላ ግን ሸምሱ ኮርቻውን ሊያወርድ ሲጠጋ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የጠየቀኝ።

"እትዬ፣ እንግዲያው ቦራ አላዘነም ማለት ነው?"

"ማዘኑንና አለማዘኑን አላውቅም" አልኩት። "አፉን ግን አሞት ነበር።"

ሸምሱ ራሱን ነቅንቆ ድርቆሽ አስቀመጠለትና ውሃ ሊቀዳ ሄደ። እኔ የቦራን ጋማ ይዤ ቆሜ ነበር። ያኔ እንባዬ መጣ፣ አልከለከልኩትም። ቦራ አጠገቤ ሆኖ ይበላል። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። ድርቆሹን በደንብ እያኘከ፣ ምንም ሳይተፋ፣ እስከ መጨረሻው በላው። እኔም እስኪጨርስ ድረስ አለቀስኩ።